አፋፍ ላይ ያለችው ቤት

ጎርፍ የሚሸረሽረው የወንዙ ዳር እስከ ዛሬ በድንጋይና በሽቦ ነበር የሚታጠረው። መሐንዲሱ ግን አዲስ ነገር ይዞ መጣ፤ ዘንድሮ ቀርከሃ ይተከልበት አለ። ሥር ከሰደደ ከድንጋይ ይበረታል፤ ክረምቱ ከቀደመው ግን ጎርፉ ሰፈሩን ጠራርጎ ይወስደዋል። ይህንንም ለስብሰባ ከጠራቸው የሰፈሩ ሰዎች አልደበቀም።

«ላንተ ሙከራ ነው፤ ለኛ ግን ቤታችን ነው!» አሉት የዕድሩ ዳኛ አቶ ሽብሩ። ሰዉ ሁሉ ጥሎት ሄደ። እሱ ብቻውን ቆሞ ውሃውን ሲያይ ቆየ።

አመሻሹ ላይ የአቶ ሽብሩን በር አንኳኳ።

«ደግሞ ምን ቀረህ?»

«ዕድር ልግባ ብዬ ነው፣ ጋሼ። እዚህ አገር ቀባሪ የለኝም።»

«ዕድራችን ለሰፈሩ ሰው ነው። ያንተ ቤት የት ሆነና?»

«ወንዙ አፋፍ ላይ፣ ሰዎቹ ጎርፍ ፈርተው የለቀቋት ቤት። ዛሬ ተከራየኋት።»