የፌንጣው ጣሳ
ሻለቃው እስስቷን መዳፉ ላይ አስቀምጦ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋት። የጎኗ አጥንት ይቆጠር ነበር። ይህን የቦሌ ቪላ ሲረከብ ከሠራተኛዋ ጋር አብሮ ያገኛት፣ ከሰው አስበልጦ የሚወዳት እንስሳ ቅጠል አክላ ነበር። “ስትበላ በዓይኔ አያለሁ፤ ታዲያ ምን ያከሳታል?” ብሎ ሠራተኛዋ ላይ አፈጠጠ።

ሠራተኛዋ የፌንጣውን ጣሳ ደረቷ ላይ ታቅፋ ቆማ ነበር። ፌንጣ ለእስስት የሚጠቅማት እሱ ራሱ ለምለም በልቶ ሲጠግብ መሆኑን አገር ጥለው የሄዱት ባለቤቶች አሳይተዋታል። ስለዚህ ከጓሮ የያዘቻቸውን ፌንጣዎች ቅጠል ሳታቀምስ ጣሳው ውስጥ ታስርባቸው ነበር። ለስላሶቹን ለቃ፣ እግራቸው እሾህ የሆነውንና ቅርፊታቸው የጠነከረውን ብቻ ታቀርባለች። እስስቷ ትውጣለች፤ በማግስቱ እግሩም ቅርፊቱም እንዳለ ከኩሷ ጋር ይወጣል።

“አንቺን እኮ ነው! ምግቡ በቅጡ አይደርሳትም?”

ጣሳውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አምና በየቀኑ ስንቅ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ስትቆም፣ “ወንድሜ ለምን እንዲህ መነመነ?” ብላ የለመነችው ይኸው ሰው ነበር። ያኔ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት መለሰላት። ብዙም ሳይቆይ የወንድሟን ልብስ ብቻ አስረከቧት። ዛሬ ያንኑ መልሱን፣ በዚያው በተረጋጋ ድምፅ መለሰችለት።

“ምግቡስ ይደርሳታል፣ ጓድ ሻለቃ። ሰውነቷ ነው የማይቀበለው።”