የጣቢታ አደራ

ኃይለ ማርያም ሆሳዕና ከተማ ከገባ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ጎረቤት ደጅ ቆሞ "እባካችሁ" ብሎ አያውቅም። ቆርቆሮና ምስማር ሸጦ ያደረ ኩሩ ሰው ነው። ዘንድሮ ግን ገና ነሐሴ ሲገባ የሚስቱ የወይንሸት ዓይን ጉድ አደረገው።

ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ተጋርደው ከርመዋል። ሐኪሙ አንዱን ቀዶ በፋሻ ሸፈነውና፣ "ሁለት ሳምንት እሳት ዳር እንዳትደርሺ፣ እንዳታጎነብሺ" ብሎ ወደ ቤቷ ላካት። ልጅ የላቸውም። ዘመድ ያለው ደብረ ብርሃን ነው። ጓደኞቿ ደግሞ ፍልሰታ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ታዲያ ሱቁን ዘግቶ ቢያስታምማት ምን ሊበሉ ነው?

እናም ኮፍያውን አውልቆ የጎረቤቱን በር አንኳኳ። የከፈተችው ጣቢታ ነች። የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የማቴዎስ ሚስት፣ ክረምት ስለሆነ ትምህርት የተዘጋላት አስተማሪ።

"ጣቢታ፣ ቸገረኝ" አላት መሬት መሬቱን እያየ። "ቀን ቀን ብቻ ብታይልኝ። አንድ ነገር ግን በእግዚአብሔር ስም ልለምንሽ፤ ሃይማኖቷን አትንኪብኝ።"

"ውይ ጋሼ፣ እኔስ የራሴ አለኝ አይደል?" አለችው። "እትዬን ብቻዋን አንተዋትም፤ እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ።"

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰላም ነበሩ። ጣቢታ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምግብ ይዛ አትመጣም፤ ስትመጣም ቆጮው ቅቤ አልነካውም፣ ጎመኑ በዘይት ነው። ማታ ማታ ወይንሸት አልጋዋ ላይ ሆና ባሏን ታወራዋለች። ዝናቡ አስቸገረ ትለዋለች፣ ዓይኔን ቆረቆረኝ ትለዋለች፣ እስቲ ትንሽ አንብብልኝ ትለዋለች። "ደክሞኛል እኮ ወይኔ፣ ነገ" ይላታል። ነገም ሲመጣ ያው ነገ ነው።

ነገሩን የለኮሰው ዘርአብሩክ ነው። ከሱቁ አጠገብ ቀለም የሚሸጥ፣ ወሬ ካላገኘ ቀኑ የማይመሽለት ሰው ነው።

"ለጣቢታ ሰጠሃት?" አለው። "አይ ሞኙ! መጀመሪያ ምግብ ነው፣ ቀጥሎ ጸሎት ነው፣ ከዚያ እሑድ ጠዋት አንተ በዚህ ስትሄድ እሷ በዚያ ነች።"

"ማን? ወይንሸት? አታስቀኝ እባክህ!" አለና ሳቀ ኃይለ ማርያም። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ የመጋዘን ቁልፍ ረስቶ ቤት ተመለሰ። የመኝታ ቤቱ መጋረጃ በቀን በብርሃን ተዘግቷል።

"ዛሬ ማክሰኞ ነው አይደል እትዬ?" ትላለች ጣቢታ ከውስጥ።

"አዎ፣ ማክሰኞ" ትላለች ወይንሸት።

ወዲያው ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ጣቢታ እያነበበች ነው፤ ትጀምራለች፣ ትሰናከላለች፣ ትመለሳለች፤ ቃሉ ግን አልለይ አለው። ዝናቡ ጋብ ሲል ሁለቱም ባንድ ላይ "አሜን" ሲሉ ሰማ። ደግነቱ በሩ ሲከፈት ከግድግዳው ጥግ ተሸሽጓል። ጣቢታ ዚፕ ያለውን መጽሐፍ ቅዱሷን ብብቷ ውስጥ እንደሸጎጠች ደፍ ላይ ቆመች።

"አደራ እትዬ፣ ለማንም! ለጋሼም እንዳትነግሪ።"

"አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ከአፌ አይወጣም።"

ያን ማታ እራት አልወርድለት አለ። "ምን ስታደርጉ ዋላችሁ?" ሲላት፣ "ምንም፣ ስንጫወት" አለችው። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ዋሽታው አታውቅም። ሚስቱን ከእጁ ሊነጥቁት ነው። ያውም ራሱ በር አንኳኩቶ፣ ራሱ ለምኖ! እንደ ዛሬ ፈርቶ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ሊወጣ ሲል ዓይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ። ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ምስማር አለ፤ ምስማሩ ላይ ወይንሸት ከእናቷ የወረሰችው የጸሎት መጽሐፍ በቆዳ ማኅደሩ ይንጠለጠላል። ማኅደሩ ባዶ ነው።

"አስጣለቻት" አለ ለራሱ።

ሱቅ ገብቶ አንድ ኪሎ ምስማር ለጠየቀው ሁለት ኪሎ መዘነ። ዘርአብሩክ "ምነው? ፊትህ አመድ መሰለ" ቢለው ጀርባውን አዞረበት። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቁን ከርችሞ ባጃጅ አስቆመ።

"ቶሎ በል!"

"ጋሼ፣ ጭቃው እኮ..."

"ቶሎ በል አልኩህ!"

መጋረጃው ዛሬም ተዘግቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን እያናወጠው ነው። ከውስጥ ያቺ የምትሰናከል ድምፅ ትሰማለች፤ በመሃል ወይንሸት ስትስቅ ሰማ። ዓይኗ ከታመመ ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። በሩን በርግዶ ገባ።

"አንድ ነገር ብቻ ለምኜሽ ነበር እኮ!" ብሎ ጮኸ። "በእግዚአብሔር ስም ለምኜሽ!"

ጣቢታ ክው ብላ ቀረች። መጽሐፍ ቅዱሷ ዚፑ እንደተዘጋ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ጉልበቷ ላይ የተዘረጋው የወይንሸት የጸሎት መጽሐፍ ነው፤ ጣቷም በቀይ ቀለም ከተጻፈው ከእመቤታችን ስም ሥር እንዳለ ነው።

"እንኳን መጡ ጋሼ" አለች መጽሐፉን ወደ እሱ እየዘረጋች፤ "ግዕዙ እያሸነፈኝ ነው፤ የሐሙሱን ውዳሴ እንኳ እርስዎ ይጨርሱላት።"