ጠማማው ፈረስ

ዓመቱን ሙሉ ከከተማ ከተማ ሲዞር የከረመው የታላላቆች የቼዝ ውድድር መዝጊያ ላይ፣ ወጣቱ ተጫዋች ፈረሱን ሊያነሣ ሲል ንግሥቱ እንደምትበላበት ታየው። ግን ነክቶታል፤ የነኩትን ደግሞ ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው። የሚታለፈው ጠማማ የቆመ ጠጠር ሊያቃና ቀድሞ «ላስተካክል» ላለ ብቻ ነው።

«ላስተካክል ብያለሁ እኮ» አለ፣ እጁን ሰብስቦ። ጆሮው ሲግል ተሰማው።

ዳኛው ወደ ተጋጣሚው ዞረ፤ ወጣቱን በልጅነቱ ቼዝ ያስተማሩት ሽማግሌ ናቸው። «ሰምተዋል?»

«ካለ ብሏል» አሉ፣ ከሰሌዳው ቀና ሳይሉ።

አሸነፈ። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ ሽማግሌው እጁን ጨበጡት። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ እስከ መጨረሻው ጠማማ እንደቆመ የቀረውን ያንን ፈረስ በሁለት ጣታቸው አስተካከሉለት።

«ረስተኸው ነው፣ ልጄ» አሉት ቀስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማበት።