የእትዬ ደብሪቱ ማተብ

እትዬ ደብሪቱ በሩን በጀርባቸው ገፍተው ዘጉና የራሳቸውን ማተብ ከአንገታቸው በምላጭ ቆረጡ። ተዋበች ከልጇ አስከሬን አጠገብ እንደተቀመጠች ቀና አለች።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ቄሱ ባዶ አንገት ካዩ ከአባቱ ጎን አያስቀብሩትም። ሜዳ ላይ ይጣል ታዲያ?»

«ጴንጤ መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ። ማተቡን በገዛ እጁ ነው የፈታው።»

«ማን ሰማ? እኔ አልሰማሁ፤ ማኅበርተኛውም አልሰማ። ይልቅ ቶሎ በይ፣ ገናዦቹ ደርሰዋል።»

ተዋበች ልትጮህ አፏን ከፈተች። ባሏ በሞተ ጊዜ ሮቢት ያለውን ማሽላዋን ያሳጨዱላት፣ ብቻዋን እንዳታድር እየተፈራረቁ አብረዋት የተኙት እትዬ ደብሪቱና ሌሎቹ የማርያም ማኅበሯ ሴቶች ነበሩ። አሁንም ደጅ ላይ ሆነው ሲያለቅሱላት ይሰማታል። ልጇ ደግሞ ማተቡን ፈትቶ መዳፏ ላይ ሲያኖር፣ «እማዬ አትቀየሚኝ፤ ያላመንኩበትን አስሬ መዋሸት አልችልም» ብሏት ነበር።

«ራሱ ከበደኝ» አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ ክሩን ከማጅራቱ ስር ማሳለፍ አቅቷቸው። ወዲያው ግን ቀለላቸው።

ተዋበች ቁልቁል ስታይ፣ የልጇን ራስ ቀና አድርጎ የያዘው የራሷ እጅ ነበር።