ባለ ጃኬቱ

የዲፓርትመንት ምርጫ ሲደርስ ልጅቷ የሚያማክራት ሲኒየር ተማሪ ፍለጋ የዩኒቨርሲቲውን ግቢ ዞረች። የሕጉ ተማሪ፣ «እህቴ፣ ሕግ እንዳትገቢ! ፋርማሲ ይሻልሻል» አላት። የፋርማሲዋ ተማሪ እጇን ይዛ፣ «በናትሽ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ግቢ» ብላ ለመነቻት። የሲቪሉ ደግሞ ጥያቄዋን እንኳ ሳያስጨርሳት፣ «ከዚህ ሁሉ ሕግ አይሻልሽም?» አለ።

ግራ ገብቷት ላውንጅ ስትገባ፣ ጀርባው ላይ «ጂኦሎጂ» የተጻፈበት ጃኬት የለበሰ ልጅ ሻይ ይጠጣል። ጠየቀችው። ፊቱ በራ። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ እሳተ ገሞራው፣ አፋር ድረስ ስለሚኬደው ጉዞ ሲያወራላት ሻዩ ቀዘቀዘበት። በስንት መከራ የራሱን ትምህርት የሚወድ ሰው ተገኘ! ጂኦሎጂን አንደኛ ምርጫዋ አድርጋ ሞላች።

ደረሳት። የመጀመሪያ ቀን ክፍል ስትገባ ያው ልጅ፣ ያንኑ ጃኬት እንደለበሰ፣ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ልማር ነዋ! እኔም ዛሬ መጀመሬ ነው።»

«ጃኬቱስ?»

«የወንድሜ ነው። እዚሁ ጂኦሎጂ ተምሮ ነው የተመረቀው።» ጠጋ አላት። «እንዳትገባ ብሎ ለምኖኝ ነበር።»