የአውራ ጣት ጉድጓድ

ጉድጓዱ ጣቷን ከማሳረፏ አስቀድሞ ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንደነበረ እናት ልብ ያለችው፣ የልጇን ካልሲ መልሳ ካጠለቀችላት በኋላ ነው።

የልጅቷ የሳንባ ደም ስሮች ጠበው፣ ደሙን ወደዚያ የሚገፋው የልቧ ቀኝ ክፍል እየደከመ ነው። «ልቧ አልችል ሲል ውሃው እግሯ ላይ ይጠራቀማል» ብሏት ነበር ሐኪሙ። «ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቷን በጣትዎ ጫን አድርገው ይዩ። የጎደጎደው ቶሎ ካልሞላ ይዘዋት ይምጡ።» ክፉ ክፉው ብቻ የሚታያት እናት ከዚያ ወዲህ አንድም ማታ አላለፋትም።

ካልሲውን እንደገና አወለቀችው። ከጉድጓዱ ጎን አውራ ጣቷን ጫን አድርጋ አነሳች። የእሷ ጣት ያጎደጎደው ወዲያው ሞላ። ያኛው ግን እንደጎደጎደ ቀረ፤ ስፋቱም የእሷን ጣት ሁለት ያህላል።

«ማን ነው እዚህ ጋ የጫነሽ?»

«አንቺው ነሻ! ቅድም መብራቱን እንኳ ሳታበሪ ገብተሽ። ጣትሽ ደግሞ በረዶ ነው። ብጠራሽ፣ ብጠራሽ አቤት አትዪ! ዶክተር ከሆንሽ ወዲህ ኮርተሻል እማዬ።»

እናት ቅድም ወጥ ቤት ሳህን ስታጥብ ነበር። ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም።

«እውነትሽን ነው፣ ረስቼው ነው» አለች። ያን ልብ ማስደንገጥ አይገባም።

አልጋው ሥር አየች፤ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፤ ማንም የለም። እንግዲህ የገባው ወጥቷል ብላ ወደ ውጪው በር ሮጠች። ገፍታ ዘጋችው፤ ቁልፉንም እስከ መጨረሻው አዞረችው።

ይሄኔ ከመኝታ ቤት፣ ከብርድ ልብሱ ሥር፣ የልጅቷ ድምፅ መጣ።

«ኧረ ቀስ፣ እማዬ! አጥንቴን ነካሽው።»