ከተረከዙ የወሰዱት ደም

ልጄ እንደተወለደ ከተረከዙ ደም ወሰዱ። «በዘር የሚተላለፍ በሽታ ይኖርበት እንደሆነ እናያለን። ውጤቱን ደውለን እንነግርሻለን» አሉኝ። ይኸው እስካሁን ዝም! ልጁ የጠባውን ሁሉ ያስመልሳል፤ ዓይኑም ቢጫ ሆኗል።

የአራስ ወግ ነውና እናቴ ቤት ነኝ። «እማዬ፣ ስልኬን ስጪኝና እኔው ልደውልላቸው» ስላት «አራስ ደግሞ ምን ስልክ አላት? አርፈሽ ተኚ!» ትለኛለች። ለቢጫው ጧት ጧት ፀሐይ ታሞቀዋለች። ለማስመለሱ ደግሞ «ጡትሽ ቀጥኖበት ነው» ትልና እኔን አጥሚት ትግተኛለች። ያንን እየጠጣሁ፣ ልጄን እያጠባሁ፣ በእነዚያ ሐኪም ተብዬዎች እርር ድብን እላለሁ።

ዛሬ አጥሚት ልታሞቅ ጓዳ ስትገባ ስልኬን ከትራሷ ሥር አውጥቼ ደወልኩ። ልጁ ጡቴን እንደያዘ ነው። ነርሷ «ሃሎ» ከማለቷ ጮህኩባት።

«የሕፃን ደም ወስዳችሁ እንዴት ትረሳላችሁ? ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?»

ስሜን ጠየቀችኝና መዝገቡን አየች።

«እህቴ፣ ደውለን ነበር እኮ» አለች። «እናትሽ አንስተው ‹አራስ ክፉ ወሬ አይነገራትም፣ ለእኔ ንገሩኝ› አሉን። በሽታው ተገኝቶበታል፣ ሰውነቱ ወተት አይችልም፣ የጡት ወተት ለልጁ መርዝ ነው፣ አሁኑኑ ይቁም፣ ይዛችሁትም ኑ ብለን ነገርናቸው። አቁመሻል አይደል?»

የጓዳው በር ተከፈተ። እናቴ አጥሚቱን በሁለት እጇ ይዛ መጣች።

«በይ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ» አለችኝ። «ጡትሽ ይሙላለት።»